ኤሌክትሪክ የመታው ሃርድ ዲስክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ቻርጀር ሲሳሳት ወይም መብረቅ ሲመታ ድምፁን ስላጠፋ ሃርድ ዲስክ ሰዎች የሚጠይቁኝ በአብዛኛው እነዚህን ነው።

ሃርድ ዲስኬ ተቃጠለ። ፋይሎቼም አብረው ተቃጠሉ ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ፋይሉ ያለው ውስጥ የሚሽከረከሩት ሳህኖች ላይ ነው። ሳህኖቹ ከአልሙኒየም ወይም ከመስታወት ተሠርተው በስስ የማግኔት ሽፋን ተለብጠዋል። ፎቶውም፣ ሰነዱም፣ ቪዲዮውም በማግኔት ነው የተጻፈው። በገመድ የመጣ ትርፍ ኃይል ይህን አያጠፋውም። የሚቃጠለው ከዲስኩ ሆድ ስር በብሎን የታሰረችው ትንሽ ሰርኪት ቦርድ ናት። ሰው "ሃርድ ዲስኬ ተቃጠለ" ሲለኝ እኔ መጀመሪያ የሚገባኝ "ቦርዱ ተቃጠለ" ብሎ ነው።

አስቸጋሪው ኃይሉ ቦርዱን አልፎ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። ዳታውን የሚያነቡት ሄዶች ክንዳቸው ላይ ፕሪአምፕ የሚባል ትንሽ ቺፕ ተሸክመዋል። እሱ ከሄደ ዳታው አሁንም ሳህኑ ላይ ነው፤ ግን ለማውጣት ዲስኩ መከፈት አለበት። ያ ሌላ ሥራ ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው። እንግዲህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሽከረከረው በአንድ ነገር ዙሪያ ነው፦ ጉዳቱ ቦርዱ ላይ ቆሟል ወይስ አልፏል?

መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ንቀሉት። ደግማችሁም አትሰኩት። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው፦ እስኪ በወንድሜ ላፕቶፕ፣ እስኪ ቢሮ ባለው፣ እስኪ በሌላ ገመድ። እኔ ጋ እስኪደርስ አምስት ቦታ ተሰክቶ ይመጣል። በግማሽ የተቃጠለ ቦርድ በተሰካ ቁጥር ያልተስተካከለ ቮልቴጅ ወደ ሄዶቹ ሊልክ ይችላል። መጀመሪያ በትንሽ ሥራ ይድን የነበረው በአራተኛው ሙከራ ወደ ከባዱ ጎራ ይሻገራል።

ከነቀላችሁ በኋላ የሆነውን በወረቀት ጻፉ። የተሰካው አዳፕተር የትኛው ነበር? ጭስ ወይም ሽታ ነበር? ዲስኩ ድምፅ አሰማ? ያንን አዳፕተር አትጣሉት፣ ግን ማንም መልሶ እንዳይሰካው ጫፉን በፕላስተር ጠቅልሉት። ቦርዱን አፍንጫችሁ አጠገብ አድርጋችሁ አሽትቱ። ይሄ ቀልድ አይደለም። የተቃጠለ ቺፕ ሽታው ለቀናት ይቆያል።

የተበላሸው ዲስኩ ነው ወይስ ኬዙ?

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ትልልቆቹ ኤክስተርናሎች ኬዝ (የውጭ ሣጥን) ውስጥ ዩኤስቢን ወደ ሳታ፣ ማለትም ዲስክ ኮምፒውተር ውስጥ ወደሚሰካበት መሰኪያ፣ የምትቀይር ሌላ ትንሽ ቦርድ አለች። ብዙ ጊዜ የምትሞተው እሷ ናት። ዲስኩን ከኬዙ አውጥታችሁ በሳታ ገመድ ዴስክቶፕ ላይ ስትሰኩት ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሳል። ይህን ያለ ስጋት መሞከር የሚቻለው ግን የተሳሳተ አዳፕተር ካልተሰካና ሽታ ከሌለ ብቻ ነው።

ኪስ ውስጥ የሚገቡት ትንንሾቹ 2.5 ኢንች ዲስኮች ላይ አንድ ማጥመጃ አለ። በተለይ የዌስተርን ዲጂታል ብዙ ሞዴሎች የዩኤስቢ መሰኪያቸው በቀጥታ ዋናው ቦርድ ላይ ነው የተበየደው። ኬዙን ሰብራችሁ ስትከፍቱ ሳታ የሚባል ነገር አታገኙም። ስለዚህ ከመስበራችሁ በፊት ሞዴሉን ኢንተርኔት ላይ በፎቶ ፈልጉ።

ድምፅም ይናገራል። ጭራሽ የማይሽከረከር ከሆነ ነገሩ ወደ ቦርዱ ያመዝናል። ተሽከርክሮ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ሐሳቤ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ ዲስኩ ሲሰካ ኮምፒውተሩ የማይነሳ፣ ፋኑ ቅጽበት ዞሮ የሚቆም፣ ዲስኩ ሲነቀል ግን በሰላም የሚነሳ ከሆነ ዲስኩ ኮንታክት ፈጥሯል ማለት ነው። ደንበኛ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ጥቁር ይላል፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ አለ።

በስህተት የላፕቶፕ ቻርጀር ሰካሁበት። ተስፋ አለው?

አለው፣ ያውም ጥሩ ተስፋ። በጣም የተለመደው ጥያቄም ይሄ ነው። አንድ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ ልጅ ሦስት ሰርግ ያለበት ዲስክ ይዞ መጣ። ሌሊት ኤዲት ሲያደርግ ሁለት አዳፕተሮች አንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክተዋል። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ የሁለቱም ጫፍ ክብ ነው። የዲስኩ 12 ቮልት፣ የላፕቶፑ 19 ቮልት። እንቅልፍ የተጫነው እጅ የቱን እንደሚያነሳ መገመት ትችላላችሁ። "አንድ ጊዜ ጢስ ብሎ ዝም አለ" አለኝ።

ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ሁለት ዓይነት ቮልቴጅ ይጠቀማል። 12 ቮልቱ ሞተሩን ያዞራል፣ 5 ቮልቱ ኤሌክትሮኒክሱን ያንቀሳቅሳል። አምራቾቹ ይህን ዓይነት ስህተት ስለሚያውቁት ቦርዱ ላይ፣ ከኃይል መግቢያው አጠገብ፣ ቲቪኤስ የሚባሉ ዳዮዶች አስቀምጠዋል። ሥራቸው ዘበኛ መሆን ነው። ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ትርፉን ወደ ግራውንድ ይደፉታል። ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ራሳቸው ይሞታሉ፤ ሲሞቱም መስመሩን ኮንታክት አድርገው ነው። ኃይል መስጫው ያን ኮንታክት ሲያይ ራሱን ያጠፋል። ኮምፒውተሩ አልነሳም ያለው ለዚህ ነው። ዘበኛው በሩ ላይ ወድቆ መንገድ ዘግቷል፣ ቤቱ ግን አልተዘረፈም። የልጁም ዲስክ እንዲሁ ነበር፤ የ12 ቮልቱ ዳዮድ ከቦርዱ ላይ ተነሳ፣ ዲስኩ ዞረ፣ ሦስቱም ሰርግ ተገለበጠ።

ዳዮዱን ራሴ ማንሳት እችላለሁ?

እጃችሁ ከኤሌክትሮኒክስ ጋር የሚተዋወቅ ከሆነ አዎ። ቦርዱ በኮከብ አፍ ብሎን ነው የሚታሰረው፣ ብዙ ጊዜ ቶርክስ 6 ወይም 8። ተራ ካቻቢቴ አታስገቡበት፤ የብሎኑ አፍ ይበላና ሌላ ጣጣ ይመጣል። ቦርዱን ስትገለብጡ ከኃይል መሰኪያው ጎን አራት ማዕዘን ጥቁር ዳዮዶች ታያላችሁ። መልቲሜትሩን ድምፅ በሚያሰማው መለኪያ ላይ አድርጋችሁ የዳዮዱን ሁለት ጫፎች ንኩ። ወደ ዜሮ ኦም የቀረበ ካሳየና ያለማቋረጥ ከጮኸ ዘበኛው ሞቷል። ካልጮኸ አትንኩት። ደህናውን ዳዮድ ማንሳት ምንም አይፈታም።

የሞተውን በሙቀት ማንሳት ወይም በመቁረጫ ፒንሳ በጥንቃቄ መቁረጥ ይቻላል። ከዚያ ዲስኩ ይሠራል፣ ግን ዘበኛ የለውም። አዲስ ዳዮድ ካልተተካለት አስተማማኝ በሆነ ኃይል መስጫ ሰክታችሁ ዳታውን ብቻ ገልብጡ። አጠገቡ ያሉት ትንንሽ ፊውዞችም ተቃጥለው ሊሆን ይችላል፤ እነሱ ደግሞ በተቃራኒው መጮህ ነው ያለባቸው።

የኔ አቋም ይሄ ነው፦ ዲስኩ ላይ ያለው ተመልሶ የሚወርድ ፊልም ከሆነ ሞክሩ፣ ትማሩበታላችሁ። ገንዘብ የተቀበላችሁበት ሥራ ወይም የሞተ ሰው ፎቶ ከሆነ ግን መማሪያ አታድርጉት።

አዳፕተሩ 12 ቮልት ነው ይላል፣ ዲስኩ ግን ይነሳና ይወድቃል። ለምን?

አምፔሩን እዩ። ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ገና ሲነሳ በ12 ቮልት እስከ 2 አምፔር ገደማ ይስባል። የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር 12 ቮልት ቢሆንም ብዙ ጊዜ 1 አምፔር ብቻ ነው። ዲስኩ ለመነሳት ይሞክራል፣ አቅም ያጣል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይሞክራል። ያ ድምፅ የተበላሸ ዲስክ ይመስላል እንጂ ርሃብ ነው።

ስታቢላይዘር አለኝ። ታዲያ ለምን ተቃጠለ?

ስታቢላይዘር የሚያስተካክለው ቀስ ብሎ የሚወርድና የሚወጣ ቮልቴጅ ነው። መብራት ሲመለስ የሚፈጠረው ዝላይ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ጊዜ ነው የሚቆየው። ስታቢላይዘሩ "ቀጭ" ብሎ እስኪቀይር ዝላዩ አልፎ ሄዷል። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪው የሚያቆየው) ይሻላል፣ በተለይ ዴስክቶፕ ላይ።

የመብራት መሄድ ራሱ እንደሚወራው ዲስኩን አይገድለውም። ኃይሉ ድንገት ሲቋረጥ የሚሽከረከረው ሞተር ለቅጽበት ጄኔሬተር ይሆናል። ዲስኩ በዚያች ቀሪ ኃይል ሄዶቹን ሰብስቦ ማረፊያቸው ላይ ያቆማቸዋል። እኔ ይህን ባሰብኩት ቁጥር የሠራውን መሐንዲስ አደንቃለሁ። የሚፈራው የመብራቱ መምጣት ነው፤ ስለዚህ ሲሄድ ንቀሉ፣ ከመጣ በኋላ ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩ። የክረምት መብረቅ ግን ሌላ ነገር ነው። በኔትወርክ ገመድ ሳይቀር ይገባል፣ ዳዮድም አያቆመውም። ሰማዩ ሲያጉረመርም ሁሉንም ንቀሉ።

ከአሜሪካ የመጣ ኮምፒውተር ስሰካ ፈነዳ። ዲስኩስ?

አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። የቆዩ ዴስክቶፖች ከኋላቸው 115 እና 230 የተጻፈበት ቀይ ማብሪያ መሰል ነገር አላቸው። 115 ላይ እንዳለ 220 ሲሰካበት ጧ ይላል፣ ጭስም ይከተላል። ትዕይንቱ ያስደነግጣል እንጂ የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ የኃይል መስጫው የመግቢያ በኩል ነው። ዲስኩ ያለው ከትራንስፎርመሩ ማዶ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። አውጥታችሁ ሌላ ደህና ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት። የኤክስተርናል አዳፕተር ላይ ደግሞ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ የሚያስፈልጋችሁ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው።

መብራት ከሄደ በኋላ ዲስኩ ይታያል፣ ግን "ፎርማት ይደረግ?" ይላል። እሺ ልበል?

በፍጹም። ይሄ የተቃጠለ ዲስክ አይደለም፤ ቦርዱም ሄዱም ይሠራሉ። መብራቱ የሄደው ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ስለሆነ የፋይሎቹ ማውጫ ተዛብቷል። መጽሐፉ አለ፣ የተቀደደው ማውጫው ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ራሱ ዲስኩን ልጠግን ብሎ ቢጀምርም አስቁሙት፤ ጥገናው የሚድነውን ፋይል ሊያበላሽ ይችላል።

ሪከቨሪ ሶፍትዌር የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ዲስኩ በትክክለኛ መጠኑ ከታየ ሶፍትዌሩ ሊረዳ ይችላል። ኮምፒውተሩ ጭራሽ ካላየው ግን የትኛውም ሶፍትዌር፣ ክራክ የተደረገም በገንዘብ የተገዛም፣ የሚያነበው ነገር የለም። ያወጣችሁትን ፋይል መልሳችሁ እዚያው ዲስክ ላይ አታስቀምጡ።

ተመሳሳይ ዲስክ ገዝቼ ቦርዱን ብቀይረው?

ድሮ ይሠራ ነበር። ሞዴሉ አንድ ከሆነ ቦርዱን ታስራለህ፣ ይነሳል። ዛሬም ይህንኑ የሚመክሩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል፤ ብዙ ሰው ያስለቀሱትም እነሱ ናቸው። የአሁን ዲስክ እያንዳንዱ ፋብሪካ ውስጥ ለብቻው ይለካል። ሄዶቹ በምን ያህል ኃይል ያንብቡ፣ የትኛው ሄድ ትንሽ ዘመም ይላል የሚለው ሁሉ ሮም በሚባል ማስታወሻ ውስጥ ይጻፋል። ሮሙ ብዙ ጊዜ ስምንት እግር ያላት ሩዝ የምታክል ቺፕ ናት። በሐኪም የታዘዘ መነጽር አስቡ፦ ቅርጹ አንድ ቢሆንም የጎረቤታችሁን መነጽር አድርጋችሁ ማንበብ አትችሉም።

ስለዚህ ለጋሹ ቦርድ (ከሌላ ዲስክ የሚወሰደው) ሲመጣ ሮሙ ከአሮጌው ተነስቶ አዲሱ ላይ መበየድ ወይም ይዘቱ መገልበጥ አለበት። ሲገዛም የሚታየው የዲስኩ ጊጋባይት ሳይሆን ራሱ ቦርዱ ላይ የታተመው ቁጥር ነው። ዌስተርን ዲጂታል ላይ በ2060 ይጀምራል፣ ሲጌት ላይ ብዙ ጊዜ በ100። አንዳንድ ቦርዶች ላይ ሮሟ ለብቻዋ የለችም፣ ትልቁ ቺፕ ውስጥ ተደብቃለች፤ ያኔ ሥራው ይከብዳል።

ከዚህ ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ ብትይዙ፦ አሮጌውን ቦርድ አትጣሉ። አንዴ አንድ ሰው አዲስ ቦርድ ገጥሞ መጣ፣ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል። "አሮጌውስ?" ስለው "ተቃጥሎ ነበር እኮ፣ ጣልኩት" አለኝ። ዳታው ሳህኑ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ቁልፉ ግን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ነው።

ይሽከረከራል፣ ግን ቀጭ ቀጭ ይላል። ፍሪዘር ውስጥ ላስገባው? ልክፈተው?

ፍሪዘር አይሆንም። ሲወጣ ሳህኑ ላይ ውሃ ያቋጥራል፣ ሄዱ ያን ውሃ ሊያርስ ነው ማለት ነው። መክፈትም አይሆንም። ሄዱ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው ጥቂት ናኖሜትር ከፍ ብሎ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ናኖሜትር ነው። በዓይን የማትታይ አቧራ ለሄዱ አለት ናት፣ ሳህኑም በደቂቃ የሚሽከረከረው 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ነው። ከፍተኛ መጠን ያላቸው ብዙ አዳዲስ ዲስኮች ደግሞ በሂሊየም የተሞሉና የታሸጉ ናቸው። እነሱን መክፈት ጭራሽ የማይታሰብ ነው።

ቦርዱን ከመውቀሳችሁ በፊት ግን አንድ ቀላል ነገር አለ። ቦርዱና ውስጠኛው ክፍል የሚገናኙበት የብረት ነጥቦች አንዳንዴ ይጠቁራሉ። ቦርዱን ፈትቶ ነጥቦቹን በእርሳስ ላጲስ ቀስ አድርጎ መጥረግ ብቻ ዲስክ ያስነሳበት ጊዜ አለ። ይሄ ካልሠራና ቀጭ ቀጩ ከቀጠለ አቁሙ፤ ሄዱ ወይም ፕሪአምፑ ነው፣ የሚሠራውም ንጹህ ክፍል፣ ማለትም አቧራ የሌለበት ክፍል፣ ውስጥ ነው።

ዲስኩ በሳታ ተሰክቶ ተነሳ፣ ግን ባዶ ነው ይላል። ፋይሉ የት ገባ?

ምናልባት ተቆልፏል። አንዳንድ የዌስተርን ዲጂታል ማይ ቡክ እና ማይ ፓስፖርት ሞዴሎች ፓስወርድ ባታስገቡም እንኳ የሚጽፉትን ሁሉ ያመሰጥራሉ። ይህን የምትሠራው ዩኤስቢው ያለበት ቦርድ ላይ ያለች ቺፕ ናት። ዲስኩን ከሷ ለይታችሁ ስታነቡት የሚታየው ትርጉም የሌለው ነገር ነው፤ ዊንዶውስም "ኢኒሻላይዝ ላድርገው?" ይላል። እምቢ በሉት። የተቃጠለችውን የኬዝ ቦርድ ፈልጋችሁ ከዲስኩ ጋር ውሰዱ።

ዲስኩን በቢትሎከር (በዊንዶውስ መቆለፊያ) ቆልፋችሁ ከነበረ ደግሞ ባለ 48 አሃዙ የመክፈቻ ቁጥር ያስፈልጋል። ቦርዱ በሚገባ ቢጠገንም ያለ ፓስወርዱ ወይም ያለዚያ ቁጥር አይከፈትም።

ኤስኤስዲ ከሆነስ?

ተስፋው ያንሳል። ሳህንም ሄድም የለም፣ ዳታው ቺፖች ላይ ተበትኗል። የት የት እንደተበተነ የሚያውቀው ኮንትሮለሩ (ሌሎቹን የሚያዘው ዋና ቺፕ) ብቻ ነው፣ ብዙዎቹም እያመሰጠሩ ነው የሚጽፉት። የተቃጠለው የኃይል ክፍሉ ከሆነ ቦርዱን ጠግኖ ማስነሳት ይቻላል። ኮንትሮለሩ ራሱ ከሆነ ቺፖቹን ነቅሎ ማንበብ አብዛኛውን ጊዜ ፋይዳ የለውም።

ለባለሙያ ስሰጥ ምን ልጠይቅ?

"ይሠራል?" አትበሉ፤ ሁሉም "አዎ" ነው የሚላችሁ። "ዳዮዱን ለክተኸዋል? ሮሙን ታዛውራለህ ወይስ ዝም ብለህ ቦርድ ትቀይራለህ?" በሉ። ሮም ምን እንደሆነ ካላወቀ ዲስካችሁን ይዛችሁ ውጡ። ፊታችሁ ክዳኑን ሊከፍት ከተነሳም እንዲሁ። ንጹህ ክፍል አለኝ የሚል ካጋጠማችሁ አሳየኝ በሉት።

ዋጋው በጉዳቱ ልክ ነው። ዳዮድ ርካሽ ነው፣ ለጋሽ ቦርድና ሮም መሃል ላይ ነው፣ ሄድ መቀየር ከሁሉም ይወደዳል። ዳታው ካልወጣ ስንት እንደምትከፍሉ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ዲስኩ ላይ የግል ፎቶ ካለ ደግሞ የሚገለበጠው የት እንደሆነና መቼ እንደሚጠፋ ጠይቁ። አያሳፍርም።

ዲስኩ ተነሳ! አሁን እንዴት ልገልብጥ?

እየከፈታችሁ አትዩ። ፎልደር ከፍቶ ፎቶ በፎቶ መደሰት የሚያምረው ኮፒው ካለቀ በኋላ ነው። ከሱ እኩል ወይም የሚበልጥ ሌላ ዲስክ አዘጋጁና ሙሉውን ገልብጡ። እኔ ሊኑክስ ላይ ዲዲሬስኪው የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም እጠቀማለሁ። ደህናውን ክፍል መጀመሪያ ያነባል፣ የሚያስቸግረውን መዝግቦ ያልፋል፣ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይሞክረዋል። የመዝገብ ፋይል (ማፕፋይል) ከሰጣችሁት መብራት ቢሄድም ካቆመበት ይቀጥላል። ትዕዛዙን ስትጽፉ የቱ ምንጭ፣ የቱ መድረሻ እንደሆነ በሴሪያል ቁጥር አረጋግጡ። ከተገለበጠባችሁ ባዶውን ዲስክ ሙሉው ላይ ትጽፉበታላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ የሚጠግነው ሰው የለም።

ኮፒው ሰዓታት ይወስዳል፣ አንዳንዴም ቀናት። ዩፒኤስ ላይ አድርጉት፣ የቤት ሰው እንዳይነቅለው ማከፋፈያው ላይ ወረቀት ለጥፉ። ሲያልቅ ከኮፒው ላይ ጥቂት ትልልቅ ፋይሎች ከፍታችሁ እስከ መጨረሻቸው እዩ። አሮጌውን ዲስክ ለደንበኛ ስመልስ ከነቦርዱ በፖስታ አድርጌ ላዩ ላይ በማርከር "አይሰካ" ብዬ እጽፍበታለሁ። ሁለት ደንበኞች ግን ሰክተውት ተመልሰው መጥተዋል።